ዲሹን አውርዱ ላላችሁን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቴሌቪዥን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ «የዲሽ ዘመን አልፏል፣ በገመድ የሚመጣውን ያዙ» የሚል ነው። ለቦሌ ሰው ይሆን ይሆናል። ለደብረ ብርሃን፣ ይልቁንም ለመንዝና ለመርሐቤቴ ሰው ግን ምክሩ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ልንገራችሁ። ዲሽ ሻጭ አይደለሁም፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

መጀመሪያ አንዲት እርማት። ጽሑፋችሁ ዲኤስቲቪን «የኬብል ቴሌቪዥን» ብሎታል። ዲኤስቲቪ ሳተላይት ነው። ጣሪያ ላይ ሳህን ይሰቀላል፣ ሲግናሉ ከሰማይ ይመጣል። ከነጻው ዲሽ የሚለየው ወርሃዊ ሂሳብ ካልከፈላችሁ መዘጋቱ ነው። ይህን ሳንለይ ብንመክር ሰው ገመድ ልገዛ ብሎ ወጥቶ ሳህን ተሸክሞ ይመለሳል።

የጽሑፋችሁ ጥያቄም ራሱ የኛ አይመስለኝም። «ከኬብል ወደ ሳተላይት ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው የአሜሪካ ሰው ጭንቀት ነው። እዚያ የኬብል ድርጅቱ ቴሌቪዥኑን፣ ኢንተርኔቱንና ስልኩን አንድ ላይ አስሮ ይሸጣል። የሳተላይቱ ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውል ያስፈርማል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የኬብል ድርጅት የታል? እኛ ጋ ገመድ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከአከራይ ወይም ከጎረቤት ዲሽ የሚሳበው መስመር ነው። ሌላው የኢንተርኔት መስመር ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

የጎረቤቱን መስመር ማንም አይጽፍለትም እንጂ ብዙ ተከራይ ቴሌቪዥን የሚያየው በሱ ነው። ጠባሴ አካባቢ ወደ አንድ ግቢ ዝለቁ። አንድ ዲሽ ታያላችሁ፣ ከሱ የወጡ ገመዶች በየመስኮቱ ይገባሉ። ገመዱ የሚነሳው ከአከራይዋ ሪሲቨር ከሆነ ሁሉም የሚያየው እሳቸው የከፈቱትን ነው። እትዬ ድራማ ከከፈቱ ግቢው በሙሉ ድራማ ያያል። ዜና ካሉ ዜና ነው። ኳስ ያለ ቀን ልጃቸው ቤት ከዋለ እሰየው ነው፤ ካልዋለ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ከፍሎ ማየት ነው።

ገመዱ ከዲሹ ራሱ የሚነሳ ከሆነ ይሻላል። እዚህም ግን ጣጣ አለ። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ሲግናሉን ተቀብላ ወደ ገመዱ የምትልከው ኤልኤንቢ የምትታዘዘው ሪሲቨሩ በገመዱ በኩል በሚልክላት ቮልት ነው። 13 ቮልት ሲመጣላት ቨርቲካል የሚባለውን ሞገድ ትቀበላለች። 18 ሲመጣላት ሆሪዞንታሉን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም። ስለዚህ ባለ አንድ መውጫዋን ኤልኤንቢ በስፕሊተር ለሁለት ቤት ስትከፍሉት፣ ጎረቤት ቻናል ሲቀይር የናንተ ቲቪ «ኖ ሲግናል» ይላል። ሰው ደግሞ ፊዚክስ አይታየውም፤ ተንኮል ነው የሚታየው። እኛ ግቢ ሁለት አባወራዎች በዚሁ ሰበብ ተኮራርፈው ከርመው ነበር። አንደኛው «ማታ ማታ ሆን ብሎ ያጠፋብኛል» እያለ ለሽማግሌ ሁሉ ነግሮ ነበር። ዲሽ ሠሪው መጥቶ ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ ሲገጥም ቻናሉም ተረጋጋ፣ ሰላምታውም ተመለሰ። እንግዲህ በጎረቤት መስመር የምታዩ ሁሉ «የራሴን ዲሽ ላስተክል» ከማለታችሁ በፊት ገመዱ ከየት እንደሚነሳ አጣሩ። አንዳንዴ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ሳህን ሳይሆን ሌላ ኤልኤንቢ ነው።

የኢንተርኔቱን መስመር እንይ። ጽሑፋችሁ የቻናሉን ብዛትና ወርሃዊውን ክፍያ አነጻጽሯል። የዳታውን ነገር ግን ዘሎታል። በኢንተርኔት ቪዲዮ ማየት በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይበላል። በኤችዲ ከሆነ ወደ 3 ጊጋባይት ይደርሳል። የሀበሻ ቴሌቪዥን ደግሞ የሚያየው ባይኖርም ክፍት ነው። ቡና ሲፈላ ክፍት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ድምፁ ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም። በቀን ለ5 ሰዓት ያህል ብቻ ቢከፈት እንኳ በወር 150 ጊጋባይት፣ በኤችዲ 450 ጊጋባይት ነው። ይህን በሞባይል ዳታ ማሰብ ዘበት ነው። ያልተገደበ የቤት መስመር ላለው ይቻላል። እሱም ቢሆን ለኤችዲ 5 ሜጋ ያህል ፍጥነት ሳይቆራረጥ ማግኘት አለበት። ልጆቹ በየስልካቸው ቪዲዮ እያዩ መሆኑንም አትርሱ።

ዋናው ነገሬ ግን ክፍያው አይደለም። ቻናል ከመቁጠራችሁ በፊት ሲበላሽ ማን እንደሚሠራው እወቁ ነው የምለው።

ዲሽ ሲበላሽ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። የሰፈር ልጅ ቁልፍ ይዞ ጣሪያ ይወጣል። አንዷ በር ላይ ትቆማለች፣ አንዱ ቲቪው ፊት ይቀመጣል። «መጣ?» ይላል ከላይ። «ገና!» ይላል ከውስጥ። በር ላይ ያለችው «ገና!» ብላ ታሻግራለች። «አሁንስ?» «መጣ መጣ! ኧረ ሄደ! መልሰው!» ልጁ በጣት ስፋት ገፋ አድርጎ «ያዝ!» ሲባል ብሎኑን ያጠብቃል። ለልጁ የሻይ ይሰጠዋል። በቃ። ብልሽቱ ጣሪያችሁ ላይ ነው፤ ታዩታላችሁ፣ ትነኩታላችሁ።

መስመር ሲቋረጥስ? ስልክ ትደውላላችሁ። አቤቱታችሁ ተመዝግቧል ትባላላችሁ። ትጠብቃላችሁ። ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር መንገድ ሲቆፈር መስመራችን ተበጠሰ። የቆፈረው «እኔ ያገኘሁት ገመድ የለም» አለ። አገልግሎት ሰጪው «ከኛ በኩል ችግር የለም» አለ። ቤተሰቡ ወጥቶ ቢያይ የሚታየው የተገላበጠ አፈር ነው። መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። ቤታችሁ በሶላር ቢበራ እንኳ መንገድ ላይ ያለው የመስመሩ መሣሪያ ኃይል ካጣ ቲቪው ላይ ክቧ ምልክት እየዞረች ታመሻለች። የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሰሞን ዲሽ ያልነበረው ቤት በምን ነበር የሚያመሸው?

ዲሽ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ንፋሷን ታውቁታላችሁ። በሐምሌ ዝናብና በረዶ ሲወርድ ቲቪው ካሬ ካሬ ይሠራና ይቆማል። ሲግናሉ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚመጣው። ያን ሁሉ መንገድ አልፎ የሚሸነፈው መጨረሻ ላይ በሚያገኘው ዝናብ ነው፤ ውሃው ሞገዱን ይውጠዋል። ይህ ግን ዶፉ ሲያባራ አብሮ ያልፋል። ክፉው ገመዱ መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባው ውሃ ነው። እሱ መዳቡን ያዝገዋል፣ በጋም ሲመጣ አይለቅም። ገመዱ ኤልኤንቢዋ ጋ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ለጠጥ ብሎ እንዲታጠፍ አድርጉ፤ ውሃው በመታጠፊያው ይንጠባጠባል። መጋጠሚያውን በፕላስተር አሽጉት። ዲሽ ሠሪ ይህን ካላደረገ ሥራው አላለቀም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መምህር ስለሆንኩ አላስችል ብሎኝ ነው። በመስቀል ሰሞን ረፋድ ላይ፣ 5 ሰዓት ገደማ፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት የኢትዮሳት ቻናሎች ዝናብ ሳይኖር ለጥቂት ደቂቃ ሲጠፉ አስተውላችሁ ይሆናል። ለተወሰኑ ቀናት ይደጋገማል። ምክንያቱ ፀሐይ ከኛ ሆኖ ሲታይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ መቆሟ ነው። ዲሹ ሳተላይቱን ሲያይ ፀሐይዋንም ያያል፣ በሷ ጩኸት ይደነቁራል። መጋቢት መግቢያ ላይም ይመጣል። ያን ጊዜ ዲሹን የሚያዞር ሰው አትጥሩ። ደህናውን ያበላሽባችኋል። ቁጭ ብላችሁ ቡናችሁን ጠጡ፤ ራሱ ይመለሳል።

ቦታም ወሳኝ ነው። በ2012 ኢትዮሳት ከመጣ ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚገኙት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ካለው ሳተላይት ነው። የአረብ ቻናሎች የሚመጡበት ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲታይ ኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ፣ ከአድማስ ወደ 67 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ፣ 36 ዲግሪ ያህል ላይ ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ በአጥር በኩል የተተከለ ባሕር ዛፍ ናይልሳትን ይከልላል፤ ኢትዮሳትን እምብዛም አይነካውም። ዛፉ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። ዓምና ይመጣ የነበረው ዘንድሮ የቀረባቸው ሰዎች ሪሲቨር ሲቀይሩ አይቻለሁ፤ መቆረጥ የነበረበት ቅርንጫፍ ነበር። ደብረ ሲና ላይ የጣርማ በር ገደል በምዕራብ በኩል ተገትሮባቸው ለሚኖሩም ኢትዮሳት አናት ላይ መሆኑ በጀ።

ሁለቱ ሳተላይቶች በዚህን ያህል ስለሚራራቁ በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሮ ሁለቱን መሳብ አይሆንም። «አደርገዋለሁ» የሚል ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። የአረብ ፊልሙንም የአገር ቤቱንም የሚፈልግ ሁለት ሳህን ተክሎ በስዊች ያገናኛል። የአገር ውስጡ ለሚበቃው አንዱ ይበቃዋል።

እናቴ መሐል ሜዳ አካባቢ ገጠር ናት። ትንሽ ቲቪ አለቻት፣ በሶላር የምትሠራ። እሑድ ቅዳሴ፣ ማታ ዜና ታያለች። ኢንተርኔቱን ተዉት፣ እኔ ጋ ለመደወል እንኳ ጉብታው ላይ መውጣት አለባት። ለሷ «ዲሽሽን አውርጂ» የሚለውን ጽሑፋችሁን ባነብላት «እነዚህ ሰዎች ምን አድርጌያቸው ነው?» የምትል ይመስለኛል።

የገመዱ ወገን የሚሻልበት ቦታ የለም አልልም። ልጆቼ በሱ ያጠናሉ። ያመለጠኝን ቃለ መጠይቅ ወደ ኋላ መልሼ የማየው በዩቲዩብ ነው፤ ዲሽ ይህን አያደርግልኝም። ብቻዬን የምኖር ወጣት ብሆን ምናልባት ዲሽ አልሰቅልም ነበር። አቅም ያለው ሁለቱንም ይያዝ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለሚችል፣ በተለይ ሽማግሌና ሕፃን ላለበት ቤት፣ እኔ የምመክረው ዲሽ ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው ኤችዲ ሪሲቨር ይግዛ። የድሮዎቹ ሪሲቨሮች የኤችዲ ቻናሎችን ስለማይከፍቱ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ዲሹ ላይ ያላክካል።

ከናንተ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ጣቢያዎች ሳተላይት ወይም ፍሪኩዌንሲ ሲቀይሩ እኛ የምናውቀው ቲቪው ጥቁር ሲሆን ነው። አንዳንዱ ጣቢያ ማስታወቂያውን የሚያስነግረው በራሱ ቻናል ነው፤ ከጠፋ በኋላ ማን ያየዋል? ለውጥ እንዳለ ስትሰሙ አዲሱን ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽኑን (ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል መሆኑን) እና ሪሲቨሩ ላይ የሚሞላውን ሲምቦል ሬት የሚባለውን ቁጥር በአንድ ጥግ አውጡልን። አራት መስመር ቦታ ይበቃዋል። የሰፈራችን ዲሽ ሠሪ ቆርጦ ሱቁ በር ላይ እንደሚለጥፈው ቃል ገብቶልኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን