የሯጭ ብቃት በሚዛን ብቻ አይለካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አትሌቶች ክብደት ሲወራ «የቀጠነ ይፈጥናል» የሚለው አስተሳሰብ ሳይመረመር ያልፋል። እርግጥ ነው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ 1.65 ሜትር ገደማ ቁመትና 56 ኪሎ ግራም አካባቢ ክብደት ይዘው የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰብረዋል፤ አነስተኛ ሰውነት በረጅም ርቀት የሚሸከመው ጭነት ከመቅለሉም በላይ፣ የቆዳው ስፋት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ይሁንና ዩሴን ቦልት በ1.95 ሜትር ቁመትና ከ90 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ክብደት 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ጨርሷል። የሰውነት አቋም ለርቀቱ ይመጥናል ወይም አይመጥንም እንጂ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተፈጥሯቸው ያልሆነውን ቅጥነት ለማምጣት ምግብ የሚቀንሱ ወጣቶች ጉዳይ ነው። ለልምምድ ከሚወጣው ጉልበት ጋር የማይመጣጠን አመጋገብ ሲደጋገም ሆርሞኖች ይዛባሉ፤ በሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ስንጥቅም ይከተላል። ወንዶችም ከዚህ አያመልጡም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን ችግር በ2014 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የጤና እክል አድርጎ አቅርቦታል። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው የተለመደው ስሌትም (ሐኪሞቻችን ሳይቀሩ የሚደገፉበት) ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ፣ የአትሌትን ጤንነት ለብቻው አይገልጽም።

ስለዚህ ስለ ታዳጊ ሯጮች ስትዘግቡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝኑ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚመገቡና በጉዳት ምክንያት ስንት ወር ከልምምድ እንደራቁ አሠልጣኞቻቸውን እንድትጠይቁልን በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት መምህር