ዋግና ቆረቆር ዘመዳሞች ናቸው

እነዋሪ፣ መስከረም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ «የስንዴው ዋግና የወንድሜ ቆረቆር በእውነት ይዛመዳሉ?» ያልሽኝን ኔትወርኩ አላስጨረሰንም፤ በደብዳቤ ልጨርስልሽ።

አዎ፣ ሁለቱም ፈንገስ ናቸው። እንጉዳይ፣ እርሾና ሻጋታም ከዚያው ወገን ናቸው። ፈንገስ ተክል አይደለም፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም። ያረፈበትን ነገር የሚያሟሟ ፈሳሽ አውጥቶ የሟሟውን ይመጥጣል። አብዛኛው ቅጠሉንና ገለባውን አበስብሶ አፈር የሚያደርግ ባለውለታችን ነው፤ ሕያው ነገር ላይ የሚነሳው ጥቂቱ ነው።

ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜና እርጥበት ስለሚወድ የሞረትና ጅሩ ደጋ ይመቸዋል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት በመስመር በመስመር ተሰድሮ ታያለሽ፤ ስትነኪው ጣትሽ ላይ ይቀራል። ያ ዱቄት ስፖር ይባላል፤ መራቢያው ነው፣ ነፋስ ከአገር አገር ይወስደዋል። በ2002/03 የምርት ዘመን ገበሬው የሚወደውን ኩብሳ የተባለ ስንዴ ክፉኛ የመታው እሱ ነው። ዛሬም «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሳይ አንጀቴ ያራል። ምልክቱ እንደታየ ፀረ ፈንገስ ቢረጭ እኮ ብዙው ይተርፋል! ከዘገየ ፍሬው ይጨማደዳል። ዋግ የሚቋቋም ዝርያ መዝራቱ ይበልጣል፤ ግን ፈንገሱም ራሱን ስለሚለውጥ ዝርያው በየጊዜው መታደስ አለበት።

በእህል በኩል የሚመጣውም ቀላል አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ፣ ጥቁር ፈንገስ የያዘው ሲናር የተባለ አረም ከእህል ጋር ተፈጭቶ ተበልቶ የሰው እግርና ጣት እየደረቀ እስከ መቆረጥ ደርሷል። የሻገተ በቆሎና ለውዝም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቀቀልም መቁላትም አያጠፋውም። የተከራየሽበት ቤት እርጥበት አለው ብለሻልና የላክንልሽን እህል ከወለሉ ከፍ አድርጊው፤ የሻገተውን ጠርገሽ አትብዪ።

ወንድምሽን ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። ቆረቆር የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ ግሪሶፉልቪን ታዞለታል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወስዱት በደንብ ይሠራልና እናትሽ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ያለው ገንፎ ታበላዋለች። ማበጠሪያውንና ኮፍያውን ለይተንለታል። ፀጉሩ ገና አልበቀለም፤ ልጆቹ እንዳይስቁበት ብሎ ትምህርት ቤት መሄዱን ጠልቷል። እስቲ ደውለሽ አጫውቺው፣ ካንቺ ይሰማል።

አባትሽ