«ደህና ነኝ» አትበለኝ

ደሴ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለማሙሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህን ደብዳቤ ራስህ አታንብበው። ለእናትህ ስጣትና እሷ ታንብብልህ። መብራቱን ቀንሱት፤ አንተ ጋደም በልና ዓይንህን ጨፍነህ ስማ። ፊደል ላይ ማፍጠጥ አሁን አይበጅህም።

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልስህን አውቀዋለሁ። ትናንት እሑድ ሚጣ ደውላ ነበር። እንዳትቆጣት፤ ፈርታ ነው እንጂ ልታሳጣህ አይደለም። «አባዬ፣ ማሙሽ መብራት አጥፍቶ ነው ራት የሚበላው» አለችኝ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ቀስ በቀስ ሳወጣጣት ዓርብ ማታ በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታው ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ሄልሜት ለሄልሜት እንደተጋጠማችሁ፣ ከመሬት ስትነሳ ወደ ሌላው ቡድን ወንበር እንዳመራህ፣ ቤት ከገባህ በኋላም «ስንት ለስንት አለቀ?» ብለህ ሦስት ጊዜ እንደጠየቅካት ነገረችኝ። ሦስቱንም ጊዜ መልሳልሃለች። ሦስተኛው ላይ ግን ድምፅህን ሰምታ እንደ ፈራች ትናገራለች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ያየችውን ግን ከአሰልጣኝህ ይልቅ በትክክል አይታለች።

ከዚያ ስልኩን ወስደህ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ትንሽ ራሴን ብቻ ነው፤ ዓርብ እጫወታለሁ» አልከኝ።

ማሙሽ፣ ራስህን እያመመህ ደህና ነኝ አትበል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልጆችን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ በማውቀው በኩል ልምጣ። በሴኮንድ ስድስት ሜትር ትሮጣለህ እንበል፤ ለአንተ ብዙ አይደለም። የሚመጣብህ ልጅ ክብደቱም ፍጥነቱም እንደ አንተ ከሆነና ፊት ለፊት ከገጠማችሁ የሁለታችሁ ሞመንተም (የክብደትና የፍጥነት ብዜት) ይጣፋና ሁለታችሁም ባላችሁበት ትቆማላችሁ። ለአንተ ግንብ መግጨት ማለት ነው። በሴኮንድ ስድስት ሜትር ደግሞ ከ1 ሜትር ከ84 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲነካ የሚኖረው ፍጥነት ነው። በቁመትህ ልክ ካለ ግድግዳ ላይ ወጥተህ በጭንቅላትህ ተወርወር ቢሉህ እሺ ትላለህ?

ሄልሜት አድርጌያለሁ ልትል ነው። እሱንም አስልቼዋለሁ። የውስጥ ስፖንጁ ጭንቅላትህ ለመቆም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጠዋል እንበል። በዚያች ሦስት ሴንቲ ሜትር ለመቆም ከመሬት ስበት 60 እጥፍ የሚበልጥ ሽምጠጣ፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ፣ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ነገር የሚያልቀውም በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ነው። ስፖንጁ ባይኖርና በሦስት ሚሊ ሜትር ብትቆም ኖሮ 600 እጥፍ ይሆን ነበር፤ ያኔ አጥንቱ ይሰነጠቃል። ሄልሜቱ የተሠራው ለዚህ ነው፤ የራስ ቅልህ እንዳይሰበር። ሥራውንም ይሠራል፤ አመሰግነዋለሁ። ከአጥንቱ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው።

አያትህ ወተት ስትንጥ ታስታውስ ይሆን? ስድስት ዓመትህ ነበር ስትሞት። በወይራ የታጠነችውን ቅል ጭኗ ላይ አጋድማ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛታለች። ልጅ ሳለሁ ከአጠገቧ ቁጭ እልና መዳፌን በቅሉ ሆድ ላይ አሳርፍ ነበር። እሷ እጇን ስታሳርፍ ቅሉ ቀጥ ይላል። እርጎው ግን አልቆመም። ሄዶ አንዱን ጎን ሲመታ፣ ተመልሶ ሌላውን ሲመታ፣ ቀስ በቀስ ሲደክም በመዳፌ ይሰማኛል። ለተማሪዎቼ ስለ ኢነርሺያ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በቀላሉ አልቆም ስለ ማለቱ፣ ሳስተምር ፍሬን የያዘ አውቶቡስ እጠቅሳለሁ፤ መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚለው። ቅሉን አንድ ቀን እንኳ ጠቅሼ አላውቅም። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

የራስ ቅል የምንለው እንዲያው አይደለም። አንጎልህ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከእርጎ ብዙም ያልጠነከረ ነገር ነው። በፈሳሽ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ክብደቱ እንደ 50 ግራም ሆኖ ይቀልላል፤ ስትራመድና ደረጃ ስትወርድ የማትጎዳው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሆልቦርን የሚባል የኦክስፎርድ የፊዚክስ ሰው በጄላቲን አንጎል መሰል ነገር ሠርቶ ይህንኑ አጥንቷል። አንጎል እንደ ውሃ ነው፤ ጨምቀህ መጠኑን ልታሳንሰው አትችልም፤ ቅርጹን ግን በቀላሉ ታዛባዋለህ። ስለዚህ ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ሲገፋ የሚደርሰው ጉዳት ያነሰ ነው፤ ሲሽከረከር ግን የውጩ ከአጥንቱ ጋር ይዞራል፣ የውስጡ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በመካከል ያሉት ክሮች ይሳባሉ። እነዚያ ክሮች ቀስ ብለህ ብትስባቸው ይለጠጣሉ፤ በቅጽበት ስትስባቸው ግን ይጎዳሉ። ሄልሜትህ ፊት ላይ ያለው ፍርግርግ ደግሞ ሲመታ እንደ በር እጀታ ነው፤ ከማጠፊያው ስለሚርቅ ጭንቅላትህን በቀላሉ ያዞረዋል። ሚጣ «ከጎን ነው የመጣበት፣ አላየውም ነበር» አለችኝ። ያላየኸው ምት ክፉ ነው፤ አንገትህ አልጠነከረም፣ ጭንቅላትህ ብቻውን ነው የተመታው።

ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ ይሉታል። ክሮቹ ሲሳቡ ፖታሲየም ከሕዋሳቱ ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል፤ ያንን ወደ ቦታው ለመመለስ አንጎል ብዙ ጉልበት ያቃጥላል። ያን ጊዜ ደግሞ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሥራ በዝቶበት ቀለብ የተቀነሰበት ቤት አስብ። አሁን አንጎልህ እንደዚያ ነው። በሲቲ ስካን አይታይም። ራስን መሳትም የግድ አይደለም፤ ከአሥር ሰው አንዱ እንኳ አይስትም። «አልወደቅኩም፣ አልሳትኩም» ማለትህ ምንም አያሳይም።

ስለዚህ ራስህን እያመመህ ደህና ነኝ አትበል። ሁለተኛ ጊዜ ነው የምልህ።

አሁን ስለ አጎትህ፣ ስለ ወንድሜ ልንገርህ። ልጅ ሆነህ «አጎቴ ለምን ፀሐይ ላይ አይቀመጥም?» ብለህ ስትጠይቅ አያትህ «ምች መቶት ነው» ትልህ ነበር። እኔም አጠገብህ ተቀምጬ ዝም እል ነበር። እናትህም እስከ ዛሬ የምታውቀው ምች መሆኑን ነው። አንቺም የልጆቼ እናት፣ እዚህ ላይ ማንበብሽን አታቋርጪ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

1985 ዓ.ም. ነው። ሥራ የጀመርኩበት ዓመት ነበር፤ የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድንም ያሰለጠንኩት እኔ ነበርኩ። አጎትህ 16 ዓመቱ፣ አሥረኛ ክፍል፣ በሒሳብ ከክፍሉ የሚበልጠው አልነበረም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ የማዕዘን ምት ተሻማ። እሱና ሌላ ልጅ ኳሱን በቴስታ ሊመቱ ዘለሉ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ኳስ የተመታበት ድምፅ አልነበረም። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጉልበቱ እንደ አዲስ ጥጃ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀሪካኑን ይዤ ሮጥኩ። ውሃውን ራሱ ላይ ደፋሁበት። ሁለት ጣት አሳየሁትና «ስንት ነው?» አልኩት። «ሁለት» አለ። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለ።

ጋሼ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ተማሪዎች ናቸው የሚሉኝ። ወንድሙ መሆኔን በዚያች ደቂቃ እንዳላወቀ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

አንድ ለአንድ ነበርን፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ጀርባውን መታ መታ አድርጌ አስገባሁት። በዚያው ሳምንት ሰኞ ስለ ግጭት አስተምሬው ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሁለት ኳሶች ሥዕል ሥዬ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ እኔው ነኝ ያስገባሁት።

ሁለተኛው ምት ምንም አልነበረም። የትከሻ ግፊያ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን አይወድቅበትም። ወደቀና እስከ ማግስቱ አልነቃም። ከዚያ በኋላ ብርሃን አስጠላው፣ ጫጫታ አስጠላው፣ ደብተር ሲገልጥ ያስመልሰው ጀመር። በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችው፣ ጠበል ለጠበል አንከራተተችው። ፀሐይ ነበር፣ እኩለ ቀን ነበር፣ ምች ነው አሉ ሰዎች፤ እኔም አላረምኳቸውም። እሷ ምን ትል እንደነበር ታውቃለህ? «ቁርስ ሳይበላ የላክሁት እኔ ነኝ» ትል ነበር። በባዶ ሆድ የወጣ ሰው በምች ይመታል ተብሏላ። ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ እየናጠች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ቁርሱን ባበላው ኖሮ» ትል ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ 24 ዓመት ሰማኋት። አንድ ቀን «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ» አላልኳትም። በ2009 ዓ.ም. እንደዚያው እያለች ሞተች።

እናንተ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ እኔ ለምን እንደቀረሁ ጠይቀኸኝ «ሥራ አለብኝ» ብዬህ ነበር። እንግዲህ አሁን አወቅከው።

ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረም ብዬ ልጽናና እሞክራለሁ። አንተ ግን ባለህበት አገር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዋሽንግተን ግዛት የ13 ዓመት ልጅ የነበረው ዛካሪ ሊስቴት ከእረፍት በፊት ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ከእረፍት በኋላ ተመልሶ ገብቶ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ሜዳ ላይ ወደቀ። አንጎሉ ደምቶ ነበር። በሕይወት ተረፈ፤ ግን መናገርንም መንቀሳቀስንም እንደ ሕፃን እንደገና መማር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ያ ግዛት በስሙ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ በ50ውም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አለ። የተጠረጠረ ልጅ ከሜዳ ይወጣል፤ የጤና ባለሙያ ሳይፈቅድለትም አይመለስም። የወንድሜን ነገር ሳስብ በዚያ ሕግ እቀናለሁ። አንተ ሕጉ እያለልህ በአንዲት «ደህና ነኝ» ልታፈርሰው ነው።

ዓርብ አትጫወትም። ይህ ምክር አይደለም።

ያ ቡድን ምን እንደሆነልህ አውቃለሁ። እዚያ በገባህ በመጀመሪያው ዓመት ምሳህን ብቻህን ትበላ እንደነበር እናትህ ነግራኛለች። ማሊያውን የለበስክ ቀን የላክኸውን ፎቶ አጎትህ ከአልጋው ራስጌ ለጥፎታል። ስለ ስኮላርሺፑም አልረሳሁም። ጓደኞችህ የሚጠሉህ ከመሰለህ ይህን ደብዳቤ አሳያቸው፤ አባቴ ከለከለኝ በል። በእኔ አሳብብ።

የልጆቼ እናት፣ አሁን ስሚኝ፤ ይህን ለይተሽ ጻፊው። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ። ለአሰልጣኙና ለትምህርት ቤቱ ነርስ ዛሬውኑ ንገሪ፤ ልጁ እስኪነግር አትጠብቂ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ እጁ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለ ለእኔ አትደውዪ፤ 911 ደውዪ። የሕመም ማስታገሻ ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትስጪው። ይተኛ፤ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ብስክሌቱን ቆልፊበት። ትምህርቱ ከጨዋታው ይቀድማል፤ ሙሉ ቀን ሳያመው ክፍል መዋል ካልቻለ ስለ ሜዳ አይወራም። ከዚያም ቢሆን ደረጃ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ግጭት የሌለበት ልምምድ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፤ ካመመው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። በእሱ ዕድሜ አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ማሙሽ፣ ደክሞህ ይሆናል፤ ልጨርስ ነው። ዛሬ ጠዋት አጎትህ ከመጋረጃው ጀርባ ቡናውን ሲጠጣ ስለ አንተ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለና «ምች ነው?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት። ከዚያ የእሱንም ነገርኩት፤ ጀሪካኑን፣ ሁለት ጣቴን፣ ሁሉንም። ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «ልጁን አስወጣው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ነገ ከሐኪም ስትመለስ ደውልልኝ። በመካከላችን የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ስልኩ ከትራሴ አጠገብ ነው። «እንዴት ነህ?» ብዬ አልጠይቅህም። ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ ነው የምጠይቅህ፤ ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት፣ መብራት ሲበራ ስንት። ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ። እኔ እዚህ ደብተር ከፍቼ ቀኑን ጽፌ እየጠበቅኩህ ነው።

አባትህ