ድባቴን ከደም ብቻ አትጠብቁ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ድባቴ በደም ምርመራ ሊታወቅ ነው የሚል ወሬ በየስልኩ እየዞረ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስም ደርሷል። እኔን ያስጻፈኝ ታላቅ እህቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ስላለባት ነው። የሰውነቷ መከላከያ መልሶ ራሷን የሚያጠቃባት ሰው ይህን ወሬ እንደወረደ ካመነች ትጎዳለች።

ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። ድባቴ ካለባቸው ሰዎች በከፊሎቹ ደም ውስጥ ሲአርፒ እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች ከፍ ብለው ይገኛሉ። ድሮ ሄፓታይተስ ሲ ለሚባለው የጉበት በሽታ ኢንተርፌሮን የሚባል መድኃኒት ሲወጉ ከነበሩት መካከል ብዙዎች ድባቴ ውስጥ ገብተዋል፤ መድኃኒቱ መከላከያቸውን ሲቀሰቅስ ስሜታቸውንም አብሮ ነካው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ እንደ እህቴ መከላከያቸው ራሳቸውን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች ሆስፒታል የታከሙ ሰዎች ኋላ ላይ በስሜት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ45 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

ግን የእህቴ ሲአርፒ ድሮም ከፍ ያለ ነው። ጣቶቿ ሲያብጡ ይወጣል፣ ኢንፌክሽን ሲይዛትም ይወጣል። ታዲያ ያ ቁጥር ከመገጣጠሚያዋ ይምጣ ከስሜቷ በምን ይለያል? ደግሞ ተገላቢጦሹ ይብሳል። መድኃኒቱ ሠርቶ ቁጥሩ ሲወርድ «እሰይ፣ ተሽሎሻል» ተብላ ትመለሳለች። እውነትም ጠዋት ጠዋት እንደ እንጨት ይደርቁ የነበሩት ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ሊጥ ታቦካለች። የልጇን ፀጉር መጎንጎን ግን ትታለች። ልጅቷ ማበጠሪያውን ይዛ አጠገቧ ስትቀመጥ «ነገ» ትላታለች፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ይሄ የትኛው ወረቀት ላይ ይወጣል?

በእኛ አካባቢ ወረቀት የሌለው ሕመም እንደ ስንፍና ነው የሚቆጠረው። ጠበል ወስደናታል፣ አሁንም እንወስዳታለን፤ ጠበሉ መድኃኒቷን አላስቆማትም። የጎደለን ጠያቂ ነው። በቀጠሮዋ ቀን እብጠቱ ይታያል፣ ደሟ ይቀዳል፣ መድኃኒቷ ይታዘዛል፤ «እታለም፣ ደስ የሚልሽ ነገር አለ ወይ?» ያላት ሰው ግን እስካሁን የለም።

ደም መመርመር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ደም ማነስ ድካም ያመጣል፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ድባቴ ይመስላል፤ ሁለቱም ደም ላይ ይታያሉና ይታዩ። ለእብጠቱ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒትም እንቅልፍ ሊነሳና ስሜት ሊቀያይር ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር ነው እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው። ድባቴን ለይቶ «አለ» ወይም «የለም» የሚል የደም ምርመራ ግን ገና የለም።

ያለው ፒኤችኪው 9 የሚባል መጠይቅ ነው። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም በደንብ ሊያየው ይገባል። የድካምና የእንቅልፍ ጥያቄዎቹ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ሊምታቱ ይችላሉ፣ እሱን የሚያመዛዝነው ሐኪሙ ነው። ተስፋ መቁረጥና በምንም ነገር አለመደሰት ግን የጉልበት እብጠት አይደሉም።

እባካችሁ፣ መጠይቁ በአማርኛ አለና አትሙልን፤ ለመጠቀምም ክፍያ የለውም። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳትና ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ከሥሩ በጉልህ ጻፉልን፦ እዚያ ላይ ከ0 በላይ የመለሰ ሰው ድምሩ ስንትም ይሁን ስንት ብቻውን እንዳይተው፣ በዚያው ዕለትም ሰው ይዞት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ