እድሩ በቁማችንም ይድረስልን

የተከበሩ አዘጋጅ፣

የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ያሉ እናት ሽንት ቤት ሊሄዱ ወጥተው ጭቃው አዳልጧቸው ወደቁ። ልጆቻቸው አዲስ አበባ እንውሰድዎት ቢሏቸው እንቢ አሉ። ቡና አጣጮቻቸው፣ ጓሯቸው፣ ሁሉ ነገራቸው እዚህ ነው። እውነታቸውን ነው።

የእድራችን ዳኛ ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። አናጺ ጠርተው ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ የእንጨት መደገፊያ አሠሩላቸው። መንገዱ ላይ ጠጠር ተደፋ። ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈጀው! ዝቅ ያለችው የጅማ በርጩማ ለጉልበታቸው ስለከበደች ከእድሩ ዕቃ ቤት መደገፊያ ያለው ወንበር ተሰጣቸው። ያ ወንበር እኮ ለለቅሶ ብቻ ነበር የሚወጣው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። ግን የማን የደም ግፊት መድኃኒት እንዳለቀ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። የእድር ዳኞች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት ለቤት ይመዝግቡ። ለዚህ ሲባል ወርኃዊ መዋጮው ትንሽ ቢጨመር እኔ በደስታ እከፍላለሁ። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ይጀመር።

አንድ የሄርማታ ነዋሪ፣ ጅማ