ለዕድራችን አባላት፦ ስለ ልጆቻችን ስልክ

ውድ አባላት፣ እሁድ ጊዜ አጥሮን ያቋረጥነውን፣ ልጆቻችንን በስልክ ስለሚያታልሉ ሰዎች የጀመርነውን ጉዳይ ልቀጥል። ድሮ ደላላ የሚታየው ሐዋሳ መናኸሪያ ዙሪያ ነበር፤ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚልከው። አሁን ቴሌግራም ላይ ነው። «ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ በዶላር» ይላል። በ2025 መጀመሪያ ምያንማር ውስጥ፣ ታይላንድ ድንበር ላይ ካለችው ሚያዋዲ ከተማ፣ ከማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት ሺዎች መካከል የኛም ልጆች ነበሩበት። እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ የተማሩ! በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ይገደዱ ነበር፤ እምቢ ያለ ይደበደባል።

በቱሪስት ቪዛ ሥራ አለ ከተባላችሁ ጠርጥሩ። ልጃችሁ ምስጢር ካበዛ ግን አትቆጡት፤ ቁጣ ወደ ደላላው ነው የሚገፋው። «ፎቶሽን እለቃለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ከመጣም ብር አትላኩ፣ መልእክቱንም አታጥፉ። ለፖሊስ ማስረጃ ነው።

ቤቱ ይህ የገጠመው አባል በግል ያናግረኝ። ስብሰባ ላይ አላነሳውም።

የዕድሩ ጸሐፊ