ፕሮግራሙ አልነሳ ሲል ከምን እንጀምር? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በፕሮግራማችን ላይ የራሳችሁን ፕለጊን (በፕሮግራሙ ላይ የሚታከል ተጨማሪ ክፍል) የምትሠሩ ድርጅቶች ሰሞኑን ደጋግማችሁ የላካችሁልን ጥያቄ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ «ፕሮግራመራችን ጋ ይሠራል፤ ሠራተኞቻችን ጋ ሲደርስ ግን ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ የእኛ ሜኑ የለበትም።» እስካሁን በስልክ ስንመልስ ቆይተናል። መልሱ ከአንድ የስልክ ጥሪ ስለሚረዝም በጽሑፍ ማድረሱን መረጥን።

አስቀድመን አንድ ልመና አለን። ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። አልፎ አልፎ ይረዳ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የስህተቱን ዱካ ጠርጎ ከማጥፋት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በማግስቱም ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ፕሮግራማችን የተገነባው ኢክሊፕስ በተባለው የፕሮግራም መገንቢያ መድረክ ላይ ነው። ኢክሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው 3.0 እትሙ ጀምሮ ፕለጊኖቹን የሚያስተዳድረው ኦኤስጂአይ በተባለው ደንብ ሲሆን፣ ደንቡን ሥራ ላይ የሚያውለው ክፍል ኢኩዊኖክስ ይባላል። እያንዳንዱ ፕለጊን ማኒፌስት በሚባል ትንሽ ፋይል ውስጥ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፕለጊኖች ከነእትማቸው ይዘረዝራል። ኢኩዊኖክስ ሲነሳ የተጠየቀውን ካለው ጋር ያገናኛል፤ የጎደለበትን ፕለጊን ወደ ጎን ትቶ የቀሩትን ያስነሳል። አንድ ፕለጊን ስለታመመ ፕሮግራሙ በሙሉ አይወድቅም። ደስ የሚል ጨዋነት ነው፤ የድካማችሁ ምንጭም ይኸው ጨዋነት ነው። የስህተት መስኮት አይከፈትም፣ ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ ሜኑው በዝምታ ይጠፋል። ፕሮግራመራችሁም የሜኑውን ኮድ ሲፈትሽ ይውላል፤ ኮዱ ግን ገና አልተነበበም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ያጋጠመውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ክፈቱ። በሥራ ፎልደራችሁ ውስጥ ሜታዳታ በሚባለው ንዑስ ፎልደር ይገኛል። የንዑስ ፎልደሩም የሎጉም ስም በነጥብ ስለሚጀምር በሊኑክስና በማክ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የሥራ ፎልደሩን ሳይመርጥ ከሞተ ደግሞ ኮንፊገሬሽን በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስሙ ረጅም ቁጥር የሆነ የሎግ ፋይል ፈልጉ። አነባበቡ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ዓይን ወደ መጨረሻው ስህተት ይሮጣል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የቀደመው ስህተት ልጅ ነው። እያንዳንዱ ማስነሳት «ሴሽን» (SESSION) በሚል ርዕስ ይጀምራልና ከመጨረሻው ሴሽን በታች ያለውን የመጀመሪያ ስህተት ያዙ። በዚያ ስህተት ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ታች ውረዱ፤ «ምክንያቱ» (Caused by) ከሚሉት መስመሮች የመጨረሻው ሥሩን ይነግራችኋል።

ሎጉ ዝም ካለ ኮንሶሉ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ አለ። ከፕሮግራሙ ጋር አብረን ስለጫንነው ፕሮግራሙን በኮንሶል ትእዛዝ (-console) ማስነሳት ብቻ ይበቃል። «ኤስኤስ» (ss) ብላችሁ ስትጽፉ የፕለጊኖቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸውና ከነሁኔታቸው ይመጣል። «ሪዞልቭድ» ወይም «አክቲቭ» የሚል ካያችሁ ደህና ነው። «ስታርቲንግ» የሚለውም አያስደንግጣችሁ፤ እስኪፈለግ ድረስ የተኛ ፕለጊን ማለት ነው። «ኢንስቶልድ» ላይ የቆመው ግን የሚያስፈልገውን ያጣው ነው። «ዲያግ» (diag) ብላችሁ የፕለጊኑን ቁጥር ስትጨምሩ የጎደለውን በስሙ ይነግራችኋል። ከሁለት ቀን መላምት ይህች አንዲት መስመር ትሻላለች።

ፕሮግራመሩ ጋ የሚሠራው ለምንድን ነው? በእሱ ኮምፒውተር ላይ ኢክሊፕስ ፕለጊኑን የሚያነበው በቀጥታ ከሥራ ፎልደሩ ነው፤ በዙሪያውም ለልማት የተጫኑ ሌሎች ፕለጊኖች ሁሉ አሉ። ለሠራተኞቻችሁ የሚደርሰው ግን የታሸገው ብቻ ነው። በጥቅሉ ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈ ፕለጊን አብሮ አይሄድም። በፕለጊኑ ውስጥም በግንባታ ፋይሉ ያልተጠቀሰ ፎልደር እዚያው ይቀራል። እዚህ ላይ እኛም ንጹሕ አይደለንም፤ በአንድ እትማችን የሥዕል ፎልደሩን መጥቀስ ረስተን የመሣሪያ አሞሌው ቀይ ካሬ ብቻ ሆኖ ደርሷችሁ ነበር። ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዚያ ወዲህ የታሸገውን ጥቅል የልማት መሣሪያ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሳናስነሳ አንልክም፤ እናንተም ይህን ልማድ ብታደርጉት ይጠቅማችኋል። በልማት ወቅትም በማስነሻ ቅንብሩ ውስጥ ከመነሳቱ በፊት ፕለጊኖቹ እንዲረጋገጡ የሚያዘውን ምልክት አብሩት። በቆዩ የኢክሊፕስ እትሞች ለምን ጠፍቶ ይመጣ እንደነበር አይገባንም።

ኢክሊፕስና ፕለጊኖቹ የሚሠሩበትን ጃቫን በተመለከተ አጭር እንሁን። ስህተቱ የክላስ ፋይሉን (የተገነባው የጃቫ ኮድ የሚቀመጥበትን) እትም ቁጥር ከጠቀሰ፣ 52 ጃቫ 8 ነው፣ 55 ጃቫ 11፣ 61 ደግሞ ጃቫ 17፤ ፕለጊኑ የተገነባበት ጃቫ ከሚያስነሳው ይበልጣል ማለት ነው። በተቃራኒው፣ በጃቫ 8 ይሠራ የነበረ የቆየ ፕለጊን በጃቫ 11 ላይ የኤክስኤምኤል ክላስ አጣሁ ካለ፣ ጃክስቢ የተባለው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃቫ 11 ስለወጣ ነው፤ አብራችሁ ማሸግ አለባችሁ። በማስነሻ ፋይሉ ላይ ጃቫን የምትጠቁሙ ከሆነ «ቪኤም» (-vm) የሚለው ቃል በአንድ መስመር፣ መንገዱ በሚቀጥለው መስመር ይሁን፤ ሁለቱም «ቪኤምአርግስ» (-vmargs) ከሚለው በላይ ይቀመጡ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በቀጥታ ለጃቫ ስለሚተላለፍ ማስነሻው አያየውም። በዚህች መስመር አቀማመጥ ብቻ ሙሉ ቀን የፈጀ ደንበኛ አለን።

«ክሊን» (-clean) የሚለው የማስነሻ አማራጭ የኢኩዊኖክስን ጊዜያዊ ማስታወሻ ያጸዳል፤ የእትም ቁጥሩን ሳትቀይሩ ፕለጊን ስትተኩ ይጠቅማል። አንድ ጊዜ ተጠቀሙና አንሱት፤ በቋሚነት ከተዋችሁት ማስነሳቱን ሁልጊዜ ያዘገያል።

አንድ የፕሮግራመር ጥፋት ደግሞ አለ። ፕለጊኑ ሲነሳ በቅድሚያ በሚሠራው መነሻ ኮድ ውስጥ ከዳታቤዝ ወይም ከኔትወርክ ጋር መገናኘት። በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ የሥራ ክር ከዚያው ፕለጊን ክላስ ሲፈልግ ኢኩዊኖክስ 5000 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቅና በሎጉ ላይ ቅሬታውን ይጽፋል። ኔትወርኩ ፈጣን የሆነለት ፕሮግራመር ይህን አያይም፤ ቀርፋፋ መስመር ያለው ቅርንጫፋችሁ ነው የሚያየው። መነሻ ኮዱን ባዶ ለማለት የቀረበ አድርጉት፤ ግንኙነቱ በተፈለገ ጊዜ ይከፈት።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ ሎጉን ሳትቆርጡ በሙሉ፣ የ«ኤስኤስ»ን ውጤት፣ የማስነሻ ፋይሉን ቅጂና የጃቫውን እትም ላኩልን። የስህተት መስኮቱን ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ከፎቶው መልሰን የምንጠይቃችሁ ያንኑ ሎግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች ድጋፍ ክፍል